ሌቱላ የማን ናት?

ጠበቃው ስልኩን በላስቲክ ከረጢት ውስጥ አድርጎ ነው ይዞት የመጣው። አዲስ ነው፤ ጀርባው ላይ ትንሽ የቁልፍ ሥዕል አለችበት። እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ የስብሰባው ጠረጴዛ ላይ ጣል አደረገውና «እስቲ አንዳችሁ ጻፉበት» አለ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ጀርባው ላይ ጃንጥላ ያለበትን ስልክ የሚሠራው ድርጅት ሰዎች ናቸው፤ የባለ ቁልፉን ስልክ መንካት እንኳ ነውር መሰላቸው። ማንም እጁን አልዘረጋም።

ስለ ሁለቱ ድርጅቶች ትንሽ ማለት ያስፈልጋል። ስማቸውን መጥራቱ ይቅርብን፤ ስማችንን ጠራችሁ ብለውም ይከሳሉ። ባለ ጃንጥላውና ባለ ቁልፉ እንበላቸውና እንለፍ። እነዚህ ሁለቱ ያልተካሰሱበት ነገር ቢኖር የአየሩ ጠባይ ብቻ ነው። መጀመሪያ በስልክ ጥግ ክብነት ተካሰሱ። ቀጥሎ ስልኩ ቻርጅ ላይ ሲሰካ በሚያሰማው ድምፅ። ቀጥሎ በካርቶኑ ነጭነት፤ ወይ ጉድ፣ ነጭ ቀለም የማን ነው? ደንበኛው ሁለቱንም ገልብጦ ጀርባቸውን ካላየ በቀር አይለያቸውም፤ እነሱ ግን ሆድና ጀርባ ሆነው ዓመት አልፎ ዓመት ይተካል። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል። ይህ የሣሩ ወሬ ነው።

ከጠረጴዛው ጫፍ የተቀመጠችው ሴት ሥራዋ ቃል መልቀም ነው። ሰው ስልኩ ላይ «እንደም» ብሎ ሲጀምር «እንደምን አደርክ» ብሎ የሚጨርስለት ኪቦርድ አለ አይደል? ያ ኪቦርድ የሚመገበው የቃል ክምችት በእሷ እጅ ነው። ትለቅማለች፣ ታርማለች፣ ስድቡን ነቅሳ ታወጣለች። የሥራ ባልደረቦቿ «ለቃሚዋ» ይሏታል፤ ስሙ ደብሮባት አያውቅም።

«አንቺው ጻፊው እንጂ፣ እህት ዓለም» አለ ጠበቃው ወደ እሷ ገፋ አድርጎ። «ሌ፣ ቱ። ከዚያ እጅሽን አንሺ።»

ጻፈች። እጇን አነሳች። ስልኩ ትንሽ እንኳ ሳያመነታ ጨረሰላት፦ ሌቱላ።

ክፍሉ በጭብጨባ ሞላ። አንዱ ጠረጴዛውን በጡጫ ነረተው። ለቃሚዋ ብቻ ልቧ ስንጥቅ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኪቦርድ ክምችት ዓመታት የፈጀ ልፋት ነው፤ ሌላው መጥቶ እንዳለ ቢገለብጠው ግን «እኔም ለቅሜው ነው፣ ቃል የሁሉም ነው» ይላል፤ ምን ይመለስለታል? ስለዚህ ባለ ጃንጥላው ወጥመድ አጠመደ። በዓለም ላይ የሌለ አንድ ቃል ክምችቱ ውስጥ ይደበቅ፤ ያ ቃል አንድ ቀን የባለ ቁልፉ ስልክ ላይ ከታየ ሌባው እጅ ከፍንጅ ተያዘ ማለት ነው ተባለ። ቃሉን የምትፈጥረው ለቃሚዋ ሆነች። ከማንም አፍ ወጥቶ የማያውቅ ቃል አምጪ አሏት።

ቀላል ይመስላል። ቃል ስትፈጥር ዋለች፤ አንዱን ፈልጋ ብታየው የሰፈር ስም ሆኖ አገኘችው፣ ሌላው የአንድ ሰውዬ ቅጽል ስም፣ ሌላው ጭራሽ የማይጠራ ስድብ። ተስፋ ቆርጣ ሻይ ልትጠጣ ወጣች። የሻይ ክፍሉ ሳህን ላይ አንዲት ብስኩት ቀርታለች፤ አራት ሰው ከቧት ቆሞ ሁሉም ያያታል፣ ማንም አያነሳትም። «ሌቱላ» አለች በሆዷ። በእነሱ ቤት ሌቱላ ማለት ያቺ ናት፤ ሳህን ላይ የምትቀረው የመጨረሻ ቁራሽ፣ ሁሉም እያያት ይሉኝታ ይዞት የማይነካት። ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ ቃሏን ፈለገቻት። ከየትም አልተገኘችም። ለካ ዓለም ሁሉ ሌቱላን ሲተው ኖሯል፣ ስሟን ግን አያውቅም። ለአለቆቿ ሰጠቻቸው። «ፈጠርሽው?» አሏት። «ፈጠርኩት» አለች። መዋሸት አልመሰላትም፤ የቤት ቃል እንደ ቤት ጫማ ነው፣ ሰው ልብስ ብሎ አይቆጥረውም።

እንግዲህ አስቡት። ከዚያ ክፍል ውጭ ሌቱላን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ብቻ አሉ። አንዷ እናቷ ናቸው፤ እሳቸው የስልካቸውን መብራት እንኳ ማጥፋት አይሆንላቸውም። ሁለተኛው ታናሽ ወንድሟ ነው። እሱ ደግሞ የት ይሠራል? ባለ ቁልፉ ዘንድ። ምን ክፍል? ኪቦርድ ክፍል።

«ቃል እግር የለውም» አለ ጠበቃው ጭብጨባው ሲበርድ። ሳቂታ ሰው ነው፤ ዓይኑ ግን አይስቅም። «ከዚህ ተነስቶ እዚያ በራሱ አልሄደም። ያደረሰው ሰው አለ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!» ይህቺን ተረት በየሰዓቱ ነው የሚተርታት። ከዚያ እያንዳንዱን ፊት አንድ በአንድ ማየት ጀመረ።

ከዚያች ቀን ወዲያ መሥሪያ ቤቱ መሥሪያ ቤት መሆኑ ቀረ። ሰው ከኋላው ሲያልፉበት የኮምፒውተሩን መስታወት በእጁ ይሸፍናል። ሻይ ክፍል ስትገባ ወሬው ቀጥ ይላል። የጽዳት ሠራተኛዋ ሳትቀር ቆሻሻ ስትወስድ ወረቀት አነበበች ተብላ ተገላመጠች፤ ምስኪን፣ መነጽሯን እንኳ ይዛ አልነበረም። ለቃሚዋ ሁሉም እሷን የሚያይ መሰላት። ስለ ወንድሟ ትንፍሽ አላለችም። ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጥ አደረገችው፤ የተዋጠው ነገር ግን አልፈጭ አለ።

ቤቷ ስትደርስ ኮምፒውተሩን ከፈተች። የምትኖረው ከእናቷ ጋር ነው፤ ኮምፒውተሩ ሳሎን ጥግ ላይ ነው፣ የመጣ እንግዳ ሁሉ ይነካዋል። ከዚህ በፊት የተፈለጉትን ነገሮች ወደ ኋላ እያገላበጠች አየች። የወገብ ሕመም፣ የእናቷ። የመጋረጃ ዋጋ፣ የራሷ። ከዚያ ዝቅ ብሎ፣ በአንድ ቅዳሜ፦ ሌቱላ።

እሷ ቃሏን የፈለገችው ከቢሮ ነው። እቤት ፈልጋ አታውቅም። ያን ቅዳሜ ወንድሟ ምሳ ሊበላ መጥቶ «ስልኬ ዘግቷል፣ ኮምፒውተርሽን ለአንድ አፍታ» ብሏት ነበር። እሷ ሳህን ታጥብ ነበር። እንዴ! እሷ ሳህን እያጠበች፣ እሱ እዚያው ወንበሯ ላይ ተቀምጦ!

ከዚያ በኋላ ያለፈው ነገር ሁሉ መልኩን ለወጠባት። ባለፈው «ሥራ እንዴት ነው?» ያላት ለካ ለዚህ ነው። ለልደቷ ሻርፕ የገዛላት ሊያዘናጋት ነው። አንዴ መጠርጠር ከተጀመረ የፍቅር ነገር እንኳ ማስረጃ ይሆናል።

ቅዳሜ ደረሰና ወንድሟ መጣ። ረጅም ነው፣ በር ሲገባ ጎንበስ ይላል፤ ጆሮዎቹ ትላልቅ ናቸው። ልጅ ሆኖ ጥፋት ሲያጠፋ ጆሮው ቀድሞ ይቀላ ነበርና ከእናቱ ምንም ነገር ደብቆ አያውቅም። «ደህና ነሽ፣ እቴ?» አላት፤ አፍ ከፈታ ጀምሮ እንዲህ ነው የሚጠራት። ጉንጯን ሲስማት ግን ዓይኗን አላየም። ስልኩን ግንባሩን ወደ ታች ደፍቶ አስቀመጠው። እሷም የራሷን ደፋች።

ምሳው ድንችና እንቁላል ነበር። እናታቸው ብቻቸውን ያወራሉ፤ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ወገባቸው፣ ስለሚያንጠባጥበው ቧንቧ። ልጆቹ ማንኪያ ብቻ ያንቀሳቅሳሉ። ሲጨርሱ ሳህኑ ላይ አንዲት ቁራሽ ዳቦ ቀረች።

«እንግዲህ» አሉ እናት እጃቸውን እየጠረጉ፣ «ሌቱላዋን ማን ይውሰዳት?»

የወንድሟ ማንኪያ ወደቀ። ለቃሚዋ ቀና ብላ አየችው። ጆሮው እስከ ጫፉ ቀልቷል። ጎንበስ ብሎ ማንኪያውን አነሳና በአንድ ጣቱ ሳህኑን ቀስ አድርጎ ወደ እሷ ገፋው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅና መልሳ ወደ እሱ ትገፋዋለች፤ ሳህኑ ሲመላለስ እናታቸው ይጮኹባቸዋል። ያን ቀን ግን ጉቦ መሰላት። ተነስታ ሳህኑን ከነዳቦው ወደ ማድቤት ወሰደችው።

ሊሄድ ሲወጣ ደረጃው ላይ ተከተለችው።

«ኮምፒውተሬ ላይ ምን ስትፈልግ ነበር?»

ቆመ። «መቼ?»

«ሞኝ አትሁን። ታውቃለህ መቼ እንደሆነ።»

ጆሮው እንደገና ቀላ። «እሱን... ልነግርሽ አልችልም። ስለ ሥራ ጉዳይ ከእናንተ ሰው ጋር አንዲት ነገር እንዳትተነፍስ ተብያለሁ።»

«ከእናንተ ሰው? እኔ ከነማን ሰው ነኝ?»

«አንቺስ አልተከለከልሽም?» አላት። አስተያየቱ እንግዳ ሆነባት፤ ተይዞ ያፈረ ሰው አስተያየት አይደለም፣ የሚመረምር ሰው ነው። «እውነቱን ንገሪኝ፣ እቴ። አልተከለከልሽም?»

«እኔ የምደብቀው ነገር የለኝም! ሌባ!»

ቃሏ ደረጃውን ሞላው። ከታች የአንዱ ጎረቤት በር ገርበብ አለ።

«እኔ?» አለ ወንድሟ ቀስ ብሎ። «እኔ ነኝ ሌባው?» ከዚያ ደረጃውን እየዘለለ ወረደ።

እዚያ ላይ ቢበቃት ኖሮ ይህ ወሬ እዚህ ላይ ባለቀ። አልበቃትም። የሁለት ቀን ቁጭቷን ይዛ ሰኞ ጠዋት ጠበቃው ቢሮ ገባችና ሁሉንም ዘረገፈችው፦ ወንድሟን፣ የሚሠራበትን፣ ኮምፒውተሩን፣ ያቺን ቅዳሜ። ሌቱላ የቤታቸው ቃል መሆኗን ብቻ አልተናገረችም፤ ፈጠርኩት ብላለችና። ጠበቃው ግንባሯን ሊስማት ምንም አልቀረው። «እህት ዓለም! ወርቅ ነው ያመጣሽልኝ!» አለ። ያኔ «እንጃ፣ ምናልባት ተሳስቼ...» ብላ ጀመረች። እሱ ግን ስልክ ይደውል ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

የችሎቱ ቀን ኮሪደሩ በጠበቆች ተጥለቅልቋል፤ የባለ ጃንጥላው በዚህ ግድግዳ፣ የባለ ቁልፉ በዚያ። እናቷ አብረዋት መጥተዋል። አትምጪ ብትላቸው «ልጆቼ የሚካሰሱበትን ቤት አይቼው ልሙት» ብለው ቦርሳቸውን አንጠለጠሉ። ወንድሟ ከወዲያ ማዶ አግዳሚ ወንበር ላይ ከጉልበቱ በላይ ታጥፎ ተቀምጧል። እናት መሀል ኮሪደር ላይ ቆመው ወዲህም ወዲያም አዩና በመጨረሻ ከሴት ልጃቸው አጠገብ ቁጭ አሉ። «እንባ የነካውን መነጽሬን ለእሱ አላሳየውም፣ አልቅሰሻል ይለኛል» አሉ።

አንድ ዘብ ወጥቶ ወንድሟን ጠራው። እሱ ሲገባ ጠበቃው እየተቻኮለ ወደ ለቃሚዋ ጆሮ ጠጋ አለ።

«ጉድ ልንገርሽ? ባለ ቁልፎቹ በተራቸው ከሰሱን! ሌቱላ የኛ ወጥመድ ናት፣ እናንተ ናችሁ የሰረቃችሁን ይላሉ። ፈጣሪው ማነው ስንላቸው ማንን ቢጠሩ ጥሩ ነው? ወንድምሽን!» አፉን በእጁ ይዞ ሳቀ። «ደግነቱ የኛዋ በጥቂት ቀን ቀድማ ገብታለች። አንቺ 'ፈጠርኩት' ካልሽ በቃ፣ እሱ ሰርቆ ነው፣ ዋሽቶም ነው። ሥራውን ቻው ይበል፤ ክስም አይቀርለትም።» ተከትሎ ገባ።

ለቃሚዋ በንዴት ጦፈች። ፈጠርኩት ይላል? የቤታችንን ቃል? ከእናታችን ገበታ ላይ አንስቶ ፈጠርኩት የሚል ምን ዓይነት ዓይን አውጣ ነው...

እዚህ ላይ ቆም አለች። ዓይን አውጣው ማነው? እሷስ ምን ብላ ነው የሰጠችው?

ኮምፒውተሩ ትዝ አላት። ሊሰርቅ የመጣ ሰው ቃሉን ካገኘ ጽፎ ይሄዳል እንጂ ምን ብሎ ይፈልገዋል? እሱ የፈለገው ሌላ ቦታ አለ ወይ ብሎ ነው። ልክ እሷ ቢሮዋ ሆና እንደፈለገችው። እሱንም አለቆቹ «ከማንም አፍ ያልወጣ ቃል አምጣ» ብለውት፣ እሱም ሲፈጥር ውሎ ሲመረው፣ እሱም ሳህን ላይ የቀረች አንዲት ነገር አይቶ... ደረጃው ላይ ያየችው አስተያየት አሁን ገባት። እሷ ሌባ ስትለው እሱ ሌባዋ እሷ ናት ብሎ ያስብ ኖሯል።

«ወይኔ!» አለች።

«ምንድነው?» አሉ እናት። «ለመሆኑ በምንድነው የተጣላችሁት? ሰው የማይነግረኝ እኔ ዕቃ ነኝ?»

«በሌቱላ ነው፣ እማዬ።»

«በምን?»

«በሌቱላ። በቃሏ። የማን ናት ተብሎ።»

እናቷ ሳቁ። ሳቃቸው ኮሪደሩ ውስጥ ጠበቆቹን ሁሉ ዘወር አሰኘ። «እና ለዚህ ነው ፍርድ ቤት? እኔን አትጠይቁኝም ነበር? ሌቱላማ የእሱ ናት።»

«የማን?»

«የወንድምሽ ነዋ። አፉን ሳይፈታ ነው። አንቺ ትምህርት ቤት ትውያለሽ፤ ምሳ በልተን የመጨረሻዋን ቁራሽ ላነሳ ስል እጄን አንቆ ይይዝና 'ሌቱላ! ሌቱላ!' እያለ ይጮሃል። ምን ማለቱ ነው እያልን ግራ ገባን። በኋላ አባትሽ ነፍሱን ይማረውና ገባው። 'ለእቴ ተዉላት' ማለቱ ነው አለኝ። ለእቴ ተዉላት፣ ሌቱላ። ከዚያ ያቺን ቁራሽ በእጁ ጨብጦ በር ላይ ይጠብቅሻል፤ ስትደርሺ ዳቦው ላብ በላብ ሆኖ።» ዓይናቸውን ጠረጉ። «እሱ አደገና ረሳው፤ ካንቺ የተማራት ይመስለዋል።»

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽንም?»

«ማን ጠየቀ? እየበላሽ ምን ትጠይቂያለሽ!»

ለቃሚዋ የችሎቱን በር አየች። አሁን እዚያ ውስጥ ምን እያለ ነው? ፈጠርኩት ብሎ ይሆናል። እህቴ ናት የሰረቀችኝ ብሎም ይሆናል፤ ቢል ይፈረድበታል? ሌባ ተብሏል። ስለ ኮምፒውተሩ ጠይቀውት ከሆነ ደግሞ ማን እንደነገራቸው ገብቶታል። እሷ እውነቱን ተናግራ እሱ ውሸቱን ቢል የምትወድቀው እሷ ብቻ ናት፤ ሥራዋ ይሄዳል፣ አለቆቿን ያታለለች ትባላለች። እሷ ውሸቱን ብትል ግን እሱ አለቀለት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው ተረት ጭንቅላቷ ውስጥ ተሰካ፣ አልወጣ አላት።

በሩ ተከፈተ። ወንድሟ ወጣ፤ ጆሮው ቀልቶ እንደሆነ አየች፤ አልቀላም። ገጽታው አመድ መስሏል። አንዴ አያትና በሌላው በር አለፈ።

ስሟ ተጠራ። እናቷም ተከትለዋት ገብተው ከኋላ ተቀመጡ።

ዳኛዋ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፤ ጉንፋን ይዟቸው መሀረባቸውን ከእጃቸው አይለዩም። ለቃሚዋ እውነቱን ልትናገር ማለች። ጠበቃው ኮሌታውን አስተካከለና ቢሮ ውስጥ የነበረው «አንቺ» ሁሉ ቀረ።

«ወንድምዎ አሁን በዚሁ ቦታ ቆመው መስክረዋል። ሌቱላ የሚለውን ቃል ከየት አመጡት ሲባሉ፣ 'ከእህቴ ነው፤ የእህቴ ቃል ነው' ብለዋል። ጥያቄዬ አጭር ነው። ቃሉን የፈጠሩት እርስዎ ነዎት?»

መጀመሪያ አላመነችውም። የጠበቃ ተንኮል ነው፣ ሊያናግረኝ ነው አለች በሆዷ። ከዚያ አሰበችው። ከእህቴ ነው፤ እሱ እስከሚያውቀው ድረስ እውነት ነው። ከእሷ አፍ እየሰማት ነው ያደገው። ግን እንዲህ ሲል ሌባ እንደሚያሰኘው አጥቶት ነው?

«ሌላ የተናገረው ነገር የለም?» አለች።

«የምጠይቀው እኔ ነኝ።»

«አለ እንጂ» አሉ ዳኛዋ አፍንጫቸውን እየጠረጉ። «ይህን ሲሉ ጥፋቱን መቀበልዎ መሆኑን ያውቃሉ ወይ ብዬ ጠይቄዋለሁ። 'አውቃለሁ፣ በአንዲት ቃል ከእህቴ አልካሰስም፤ ለእህቴ ተዉላት' ነው ያለው።»

ለቃሚዋ የምስክር መቆሚያውን ብረት ያዘች። እናቷ ከወደ ኋላ «ልጄን!» ሲሉ ሰማቻቸው። አለቀሰች፤ እዚያው፣ በሁለቱም ድርጅት ጠበቆች ፊት፣ አፍንጫዋ እየፈሰሰ። ዳኛዋ ከኪሳቸው ሌላ ንጹሕ መሀረብ አውጥተው ዘረጉላት።

«አልፈጠርኩትም» አለች። «ውሸቴን ነው። እሱም አልሰረቀም። የቤታችን ቃል ነው፤ ሁለታችንም አዲስ ቃል አምጡ ስንባል ያቺኑ አመጣን። የማን ናት ካላችሁ ደግሞ የእሱ ናት።»

ጠበቃው «ክብርት ዳኛ፣ ምስክሯ ተረብሻለች፣ ጥቂት ዕረፍት...» አለ። የባለ ቁልፉም ጠበቃ ብድግ አለ። ይሄን ጊዜ ሁለቱ ጠበቆች ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማሙ፤ ሁለቱም ይቋረጥልን አሉ።

«ተቀመጡ» አሉ ዳኛዋ። «ቃሉ ምን ማለት ነው?»

ነገረቻቸው። ስለ ዳቦዋ፣ በር ላይ ስለሚጠብቃት ሕፃን፣ ለእቴ ተዉላት ስለሚለው። ዳኛዋ ሲሰሙ ቆዩና መነጽራቸውን አወለቁ። «እዚህ ወንበር ላይ ስቀመጥ የእኔ ነው፣ የእኔ ነው ሲባል ነው የኖርኩት» አሉ። «የእሷ ናት፣ የእሱ ናት ብሎ የሚጣላ አልገጠመኝም ነበር።» ከዚያ አስነጠሳቸው።

በሌቱላ የተነሳው ክስ ከሁለቱም ወገን ወደቀ። እነ ባለ ጃንጥላው ግን ምን ገዷቸው፣ ወደ ካርቶኑ ነጭነት ተመለሱ፤ አሁንም ይካሰሳሉ። ለቃሚዋ አለቆቿን በማታለሏ፣ ወንድሟም በዚያው ምክንያት፣ በአንድ ሳምንት ተባረሩ። ጠበቃው ደረጃ ላይ አግኝቷት ሰላም እንኳ አላላትም። ድርጅቶቹ ሌቱላን ከስልኮቻቸው አጥፍተዋታል። አሁን ጽፈው ቢሞክሩት ቀይ ያሰምርበታል፤ ስህተት ነው ይላል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወንድሟ ጎንበስ ብሎ በሩን ገባ። እናት ድንችና እንቁላል ሠሩ፤ ሥራ ለሌለው ሰው ሌላ ነገር አልሠራም ብለው ቀለዱ። በልተው ሲጨርሱ አንዲት ቁራሽ ቀረች። ማንም ስሟን አልጠራም።

ለቃሚዋ ዳቦዋን እያየች፣ «አንድ ነገር ልነግርህ ነው» አለች። «ስለ ኮምፒውተሩ ለጠበቃው የነገርኩት እኔ ነኝ። አሳልፌ ሰጥቼሃለሁ።»

«አውቃለሁ» አለ።

«መቼ አወቅህ?»

«እዚያው ችሎት ውስጥ። መጀመሪያ የጠየቁኝ እሱን ነው። ያን ቅዳሜ ኮምፒውተርሽን መንካቴን ካንቺ በቀር ማን ያውቃል?»

ለእህቴ ተዉላት ያለው ከዚያ በኋላ ነው ማለት ነው። አውቆ ነው ያለው።

«እኔም እኮ ጠርጥሬሻለሁ» አለ ወንድሟ ቶሎ ብሎ። «ያን ዕለት ማንኪያዬ የወደቀው ለምን ይመስልሻል? የሰረቀችኝ እሷ ናት እያልኩ ሳስብ አፈርኩ።» ጆሮው ቀላ። «ጠረጠርኩ እንጂ ለማንም አልተናገርኩም።»

«አልተናገርክም» አለች።

በአንድ ጣቱ ሳህኑን ወደ እሷ ገፋው። መልሳ ልትገፋው እጇን አነሳች፤ እናቷ አዩዋት። አልገፋችውም። ዳቦዋን አነሳች፣ ደርቃለች፣ ዓይኑ እያየ በላቻት።